ስለ ፍሬኑ የጠየቀችው ልጅ

ባለፈው ነሐሴ፣ የጃጁራ ገበያ በዋለበት ቀን፣ እህቴን ጠይቄ በሚኒባስ ወደ ሆሳዕና ስመለስ ሳላስበው ከጋሽ ወልደሰንበት ጋር ተገናኘሁ። ጋሽ ወልደሰንበት በመናኸሪያው አጠገብ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣሉ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ላይ ሱቅ ከከፈቱት ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ስላደጉ ሀዲይኛውንም አማርኛውንም እንደ ጉራጊኛው አቀላጥፈው ይናገራሉ። በሰፈራችን ሰው ሲጣላ፣ ባጃጅ ሰው ሲገጭ፣ መጀመሪያ የሚጠራው የእሳቸው ስም ነው። ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ በእሳቸው ሳሎን በእርቅ ያልቃል። በዚህም በጣም ይኮራሉ።

ሚኒባሱ ከልኩ በላይ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ወልደሰንበት ዘግይተው ስለ ደረሱ ረዳቱ ከወንበሬ አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ፣ በተገለበጠ ጄሪካን አስቀመጣቸው። ሆሳዕና ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከፊታችን የመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጎ አለፈ።

«ትራፊክ አለ! ትርፍ የሆናችሁ ዝቅ በሉ!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ።

እኒያ የተከበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከእግሬ ሥር ተንበረከኩ። ከጎኔ የነበረችው ቅቤ ነጋዴ ነጠላዋን ጣል አደረገችባቸው።

«አይንቀሳቀሱ አባባ፤ አሁን እርስዎ የድንች ጆንያ ነዎት» አለቻቸው።

መኪናው በሳቅ ተሞላ። የትራፊክ ፖሊሱ በመስኮት አጮልቆ አየና እጁን አወዛወዘ፤ አለፍን። ጋሽ ወልደሰንበት ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ።

«አየህ መምህር፣ የእኔዋ ኪያ ልሁን የምትለው ይኼንን ነው። አባቷን ከነጠላ ሥር ጎትቶ የሚያወጣ!» አሉኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ኪያ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ገና ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚያው ዓመት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር፤ የሥነ ዜጋ ትምህርት ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።

«የፖሊስ ምልምል ምዝገባ አርብ ያበቃል» ብለው ቀጠሉ። «ዋስ ሁነኝ ብላ ለመነችኝ። እኔም ‹ከዚህ ቤት ለዚያ ሥራ የሚወጣ ሰው ምርቃቴን አይጠብቅ› አልኳት። ከዚያ ወዲህ እሷ ከእኔ ጋር ማዕድ አትቀርብም፤ እናቷም አኩርፋኛለች። አንተን ትሰማሃለችና ና ምከርልኝ። እንደ ሰው ልጅ ኮሌጅ ገብታ አካውንቲንግ ትማር።»

«እመጣለሁ ጋሽ ወልደሰንበት። ግን ነገሩን ሳልረዳ ምን ብዬ እመክራታለሁ? እርስዎን የሚያሰጋዎት ምንድን ነው?»

«የማያሰጋው ምኑ ነው? ደንበኞቼ ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። ልጄ ጠዋት ስትቀጣቸው ውላ ከሰዓት ከእኔ ጎማ ሊገዙ ነው? ደግሞ ፖሊስ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጉቦ ነው። ለመስቀል አገር ቤት ስንሰበሰብ የወንድሜ ልጅ መርካቶ ሱቅ ከፈተ፣ የእህቴ ልጅ ፋርማሲስት ሆነች ይባላል። የእኔዋስ? ፊሽካ ነፊ!»

«ፊሽካውን የሚነፋ ባይኖር ከመንገደኛው ስንቱ ለመስቀል ይደርስ ነበር?»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

«ዝም በይ አንቺ፣ አሁን ድንች ስታደርጊኝ አልነበረም?» አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። «ጉቦውንስ ምን ትላለህ?»

«ጉቦ የሚበላ መኖሩን አልክድዎትም። ነገር ግን ጉቦ የማይነካ ፖሊስ ከየት ነው የሚመጣልን? በየቤቱ በእውነት ያደገውን ልጅ ‹ያ ሥራ አይሆንህም› እያልን ካስቀረን፣ ቦታውን ለማን ነው የምንለቀው?»

«በአፍ ሲሉት ቀላል ነው» አሉ። «ልጅህ ብትሆን ወደማታውቀው ወረዳ ዱላ አስይዘህ ትሰዳት ነበር?»

ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ ልመልሰው አልቻልኩም። አባት ልጁን ከአደጋ ማራቅ መፈለጉ ክፋት አይደለም። ሆኖም ሁላችንም ሌሊት በር ሲንኳኳብን የሚደርስልን ደግ ፖሊስ እንመኛለን፤ የምንመኘው ግን ከሌላ ሰው ቤት እንዲወጣልን ነው።

«እሰጋ ነበር» አልኳቸው። «ግን ስጋቴን ነግሬያት፣ እሷንም አዳምጣት ነበር። ለመሆኑ ለምን እንደ ፈለገችው ጠይቀዋታል?»

«ምኑን እጠይቃለሁ? ልብሱ አምሯት ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፊት ሻይና ቆሎ አቀረቡልን። ኪያ ስታዲየም ስትሮጥ ቆይታ፣ ጭቃ የያዘ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሙሉነሽም የጋሽ ወልደሰንበትን ሱሪ አሳጥራ አምጥታ ኖሮ፣ ልትወጣ ስትል ወይዘሮ ትርፊት እጇን ያዙ።

«ቁጭ በይ ሙሉዬ። ሰው ሲኖር ጩኸታቸው ይቀንሳል» አሏት።

እኔም ለልጅቱ ማር ቀብቼ ልነግራት አልፈለግኩም። «ኪያ፣ ደመወዙ ትንሽ ነው። ገና ስትጀምሪ ትራፊክ አያደርጉሽም፤ ተራ ፖሊስ ሆነሽ ሺንሺቾ ወይም ከዚያም ርቀሽ ልትመደቢ ትችያለሽ። ሰው በዓል ሲያከብር አንቺ ጥበቃ ትቆሚያለሽ። ሰዎች ይሰድቡሻል፤ ድንጋይ የሚያነሣም አይጠፋም። ይህን አስበሽበታል?»

«አዎ ቲቸር። ጣቢያ ያለችውን ሳጅን ገነቴን ሄጄ ጠይቄያታለሁ። ቤቷ ገብታ ያለቀሰችበት ቀን እንዳለ ሳትደብቅ ነገረችኝ።»

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። «አንዷ እያለቀሰች አንቺ ደግሞ ምን ልትጨምሪ ነው?»

«ተራ ልቀበላት ነዋ አባዬ።»

ወይዘሮ ትርፊት ፈገግታቸውን በሻይ ብርጭቆው ሸፈኑ። እኔም «ይህን ሐሳብ ግን ከየት አገኘሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። ኪያ መጀመሪያ ሙሉነሽን፣ ቀጥሎ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ካልተቆጣህ እነግርሃለሁ። ቲቶ እትዬ ሙሉነሽን የገጨ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

ቲቶ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነበር። ካቻምና ሙሉነሽን ከሱቋ በር ላይ ገጭቷት፣ ጋሽ ወልደሰንበት ሽማግሌ ሰብስበው፣ የልጁ ቤተሰብ አሳክሟት፣ ነገሩ ጣቢያ ሳይደርስ አልቋል።

«እንዴት ይረሳኛል!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እንደዚያ ያማረ እርቅ አይቼ አላውቅም። ቲቶ ጉልበቷን ሲስም፣ እሷ ‹ይቅር ብዬሃለሁ› ስትል፣ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።»

«እኔ ለሽማግሌዎቹ ውሃ እቀዳ ነበር። ‹ፍሬኑስ ተሠራ?› ብዬ ጠየቅኩ። አንተ በዓይንህ ገሠጽከኝ። ሌሎቹ ‹ልጅቱ መካኒክ ልትሆን ነው› ብለው ሳቁ። የመለሰልኝ ሰው ግን የለም።»

«ልጅ በሽማግሌ መካከል አይገባም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ልክ ነህ፣ አይገባም። ግን ያንን መጠየቅ ሥራው የሆነ ሰው እዚህ ቤት አልነበረም። እኔ መሆን የፈለግኩት ያንን ሰው ነው።»

ጋሽ ወልደሰንበት ወደ እኔ ተመለከቱ። የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው በልግ የቲቶ ባጃጅ በጃጁራ መውጫ ቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ። ሁለት ተሳፋሪዎች ተሰበሩ፤ ቲቶም አንድ እግሩን አጣ። ዛሬ በእናቱ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል።

«የቲቶ ዕድሉ ነው» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። «የዚያን ዕለት ዝናብ ነበር።»

«ዝናቡ አይደለም ጋሼ» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። ሙሉነሽ ነበረች። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ተናገረች። «እኔም ያን ቀን እንደ ልጅቷ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ሲገጨኝ ‹አልይዝ አለኝ! አልይዝ አለኝ!› እያለ ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ። ግን እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ያን ሁሉ ሽማግሌ አስቁመው ሲለምኑኝ፣ እንዴት ብዬ ‹ቆይ› እላለሁ? አፍሬ ዝም አልኩ። ይቅርታዬ ከልቤ ነበር፤ ዛሬም ከልቤ ነው። እግሬ ግን አልዳነም። የስፌት መኪናውን በግራ እግሬ ብቻ ነው የምረግጠው። ይኼንን ሱሪም እንደዚያ ነው የሰፋሁት።»

«ምነው ሙሉነሽ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከታረቅኩ በኋላ አመመኝ ብል፣ እርቅ አፍራሽ አልባልም?»

ጋሽ ወልደሰንበት ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሱሪ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

«የፍሬን ሸራ የሚገዛው ከእኔ ሱቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከእርቁ በኋላ ጎማ ገዛ። መብራት ገዛ። ያንን የሚዘፍን ክላክስ ገዛ። የፍሬን ሸራ ግን አልገዛም። እኔ እኮ አውቅ ነበር! ነጋዴ ማን ምን እንደወሰደ አይጠፋውም። ታርቋል ብዬ አልጠየቅኩትም። እንጀራው እንዳይቋረጥ አስቤለት...»

በዚህ ጊዜ ብዙ የምናገረው ነበረኝ፤ ነገር ግን ኪያ ቀደመችኝ። ተነሥታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሽምግልናህን ተው አላልኩም። አንተ ባትኖር እትዬ ሙሉነሽና የቲቶ እናት ዛሬ ሰላም አይባባሉም ነበር። እሱን የሚያደርግ ፖሊስ የለም። ግን መጀመሪያ ጣቢያ ተኪዶ፣ ባጃጁ ተመርምሮ፣ ከዚያ ወደ አንተ ቢመጣ ምን ይጎድልብሃል?»

ጋሽ ወልደሰንበት ሱሪውን ወደ ጎን አኖሩት። «እኔን ራሴን ብታገኚኝስ?» አሏት። «ትናንት በሚኒባስ ከመምህሩ እግር ሥር ተደብቄ ነው የመጣሁት። አንቺ ብታስቆሚን ምን ታደርጊኝ ነበር?»

«አወርድሃለሁ» አለች ሳታቅማማ። «ከዚያ ባጃጅ ተኮናትሬ ቤትህ አስገባሃለሁ።»

«ፍሬኑን አይተሽ!» አለች ሙሉነሽ፤ ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ወልደሰንበትም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ግን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ሳጅን ገነቴ የምትባለው ሴትዮ ነገ ምሳ ትብላ» አሉ ለባለቤታቸው። «የምጠይቃት ብዙ አለኝ። አንቺም ስሚ ኪያ። ሥራው ካልሆነሽ አፍሬ ነው ብለሽ ሜዳ ላይ አትቅሪ፤ ይህ ቤት ያው ቤትሽ ነው፣ ትምህርቱም በቦታው ይቆይሻል። ሐሙስ አብረን እንሄዳለን። ዋስሽ እኔ ነኝ።»

ሐሙስ አብረው ሄዱ። ሳጅን ገነቴ በምሳው ሰዓት የሥልጠናውን ክብደት፣ ሴት ፖሊስ ችግር ሲገጥማት ለማን አቤት እንደምትል፣ እየሠሩ መማርም እንደሚቻል አስረድታቸው ስለነበር፣ የጋሽ ወልደሰንበት ፍርሃት ባይጠፋም ልክ አግኝቶ ነበር። ልጆቻችን አንድ ሙያ ሲመርጡ ከእኛ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ፍርሃታችንን አንደብቃቸው፤ እንንገራቸው። ነገር ግን ምርቃታችንን መያዣ አድርገን አንከልክላቸው። የተከለከለ ልጅ ወይ ተሰብሮ ይቀራል፣ ወይ ያለ ደጋፊ ይሄዳል። ደጋፊ የሌለው ወጣት ፖሊስ ደግሞ በመጀመሪያው ፈተና ምክር የሚጠይቀው ሰው የለውም። ቤቱ የሚያዳምጠው ግን ጉቦ ሲቀርብለት የሚያፍረው አባት አለው፤ ሲከፋው የሚያለቅስባት እናት አለችው።

ለውጡ የታየው በልጅቱ ላይ ብቻ አይደለም። በመስከረም አንድ ባጃጅ ነጂ እግረኛ ገጭቶ «ጋሼ ያስታርቁኝ» እያለ ሱቃቸው ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። «የገጨኸው ሰው የት ነው?» አሉት። ሆስፒታል መሆኑን ሲነግራቸው፣ «በል ወደ ትራፊክ እንሂድ፤ አብሬህ እቆማለሁ። ባጃጅህ ይመርመር። እርቁን ለእኔ ተወው» ብለው ሱቃቸውን ዘጉ። ደንበኛ ይሸሻል ብለው የፈሩትም አልሆነም። ነጂዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን የባጃጃቸውን ፍሬን ለማስፈተሽ መመላለስ ጀመሩ። ሕግ የተበላሸውን ያቆማል፣ ሽምግልና የተጣላውን ያገናኛል፤ ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ነው መንገደኛ የሚተርፈው።

ኪያ ወደ ማሠልጠኛ የሄደችበት ጠዋት መናኸሪያ ተሰብስበን ሸኘናት። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ጋሽ ወልደሰንበት ባርኔጣቸውን አውልቀው በብብታቸው ያዙና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ኪያ ሻንጣዋን ለእናቷ ሰጥታ ጎንበስ አለች። በዙሪያው ተሳፋሪ ይጠብቁ የነበሩት ባጃጅ ነጂዎችም ነገሩን አይተው ጥሪያቸውን አቆሙ።

«ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ» አሉ። «እጅሽ ከሰው ገንዘብ ንጹሕ ይሁን። የምታስቆሚው ሰው ሁሉ ቤቱ በሰላም የሚገባ ይሁን።»

ኪያ አሜን ለማለት ድምፅ አጣች። ነጂዎቹ አሉላት።