ቀለሙ ለጌጥ ነው

እንደምን አደርክ ልጄ? ግባ፣ ግባ… ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ ይበርዳል። አራት ፎቅ ደረጃ አላደከመህም? ስልክህን ያገኘሁት ከታች በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። "ቧንቧ እንሠራለን፣ ቦይለር እንጠግናለን" ይላል። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "እንሠራለን" ብቻ ነው የሚለው፣ "እናውቃለን" አይልም… እሱ ነው ደስ ያለኝ።

መታጠቢያ ቤቱ በዚህ በኩል ነው። ሻንጣዋ እንዳትጥልህ፣ የእኔ ናት። ከሰዓት ታናሿ ልጄ መጥታ ትወስደኛለች። አየር ብትቀይሪ ይሻልሻል ተብዬ ነው። ምን ይደረግ? ውሃው አልቀየር ሲል አየሩ ይቀየራል እንጂ።

ይኸውልህ ቦይለሩ። አሮጌ ነው፣ አትፍረድበት። አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አንድም ቀን አላስቀየመንም፣ እስካለፈው ወር ድረስ። አሁንም ቢሆን መብራቱ ይበራል፣ መርፌውም ይኸው ቀዩ ላይ ቆሟል። ቧንቧው ሲከፈት ግን… በል እጅህን ስደድ። አየህ? ቶሎ አወጣኸው! እንግዲህ አንተ ወጣት ነህ፣ ዕድሜህ ነው እንዳልልህ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል… በዚህ ቤት አንድ አዋቂ አሉ። ማን እንደሆኑ አልነግርህም፣ ሰው ማማት አልወድም። የልጄን ባል እንዳይመስልህ ደግሞ! እሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል፣ በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም። … ምነው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ? መብራት ሄደ እንዴ? አይ፣ ደህና ነው። እንዲያው ቀነሰ።

እኚህ ሰውዬ የማይችሉት ነገር የለም፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራቸው። ይሄ በር ድሮ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር፣ እሳቸው አስተካከሉት። አሁን ሲጥ አይልም… ስለማይዘጋ። ቧንቧ ስትሠራ በሩን በእግርህ ደገፍ አድርገው።

እና ባለፈው ወር ከቦይለሩ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ነገር መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዳንተ ያለውን ይጠራል። አዋቂ ሰው ግን ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል። ስምንት ደቂቃ ነበር ቪዲዮው፣ አራቱን አይተው ብድግ አሉ፣ "የቀረው ግልጽ ነው" ብለው። ሁለቱንም ቱቦዎች ፈትተው አዲስ ገጠሙ። ጠብ ጠቡም ቀጥ አለ! ለምን እዋሻለሁ፣ ሁላችንም አጨበጨብንላቸው። ውሃው የቀዘቀዘው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው… መቼም አጋጣሚ ነው።

ከዚያ በኋላማ ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ እንደ ፋብሪካ ነበርን! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አዋቂና መፍቻስ? መጀመሪያ የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ከፍ አደረጉት። ቀጥሎ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ ሬዚስታንሱን፣ አወጡት። ነጭ ቅርፊት ለብሶ ነበር፣ ልጄ የቤቱን ፎጣ ሁሉ መሬት ላይ አንጥፋ ስትፍቅ ዋለች፣ እሳቸው ቆመው ያስረዷታል። ቴርሞስታቱም በአዲስ ተቀየረ። "አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" ይባል የለ? እሷስ የታደለች፣ ማጠቢያ ውሃ ነበራት።

ባትሪውን እኔ ልያዝልህ? እጄ አይንቀጠቀጥም፣ አትስጋ፣ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። እንዲህ ላብራልህ? … ምነው ሳቅህ? ከሥር ምን አየህ? ቆይ፣ ቆይ… ቀዩና ሰማያዊው ነው አይደል?

ውይ ልጄ! እኔ እኮ የዚያኑ ዕለት እዚህ ቆሜ፣ አንገቴን አንጋጥጬ፣ "ይሄ ሰማያዊ ቀለበት ያለበት የቀዝቃዛው መግቢያ አይደለም ወይ? ቱቦዎቹ አልተለዋወጡም ወይ?" ብዬ ነበር። ምን ተባልኩ መሰለህ? "እማማ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ። ቀለሙ ለጌጥ ነው።" … ለጌጥ! እኔም አረፍ አልኩ። ያምራል እኮ፣ እውነት ለመናገር።

ስለዚህ አንተ እንደምትለው ቀዝቃዛው በላይ በኩል ይገባል፣ እኛ የምንቀዳው ደግሞ ከታች ያለውን ነው? ሙቁ እዚያው ላይ ተቀምጦ? ወሩን ሙሉ? … አይ የኔ ነገር፣ እኔ ደግሞ ውሃው የጠፋ መስሎኝ። ለካ ከበላያችን ሆኖ ያየን ነበር። በል ብሬከሩን አጥፋና ቀይረው፣ እኔ አላስቸኩልህም።

ያው ቦይለሩ ሁሉ ተፈትሾ ጥፋተኛ ሲጠፋ ማን ቀረ? እኔ ቀረሁ። እራት ላይ ነው የተነገረኝ። "እማማ፣ መርፌው ስልሳ ላይ ነው፣ ማሽን አይዋሽም። ሰው ሲያረጅ ቆዳው ሙቀት አይለይም። ውሃው ሞቃት ነው፣ ቆዳዎ ነው።" በጨዋነት ነው ታዲያ፣ ሾርባ እየጨመሩልኝ። ለጥቂት ቀን ወደ ታናሽ ልጅዎ ብቅ ቢሉ፣ አየር ቢቀይሩ፣ የሚለውም የመጣው ከሾርባው በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን ለአማት… ለሌላ ሰው የለጠፈስ ምን ይባላል? ይሄን እንኳ አላውቀውም፣ እኔ አዋቂ አይደለሁም።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገርህ ልጄ፣ አመመኝ። ውሃው አይደለም ያመመኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሕፃን ያጠብኩት በዚህ ክርን ለክቼ ነው። መዳፍ ያታልላል፣ ክርን አያታልልም። አንድም ሕፃን አላቃጠልኩ፣ አንድም አላስበረድኩ። የልጅ ልጄንም በተወለደች ቀን፣ እዚችው ቤት ሳፋ ውስጥ ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ አባቷ ፎጣ ይዞ አጠገቤ ቆሞ እያለቀሰ። እና ያቺን ክርን አርጅተሻል ሲሏት… ተወው። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ምናልባት እውነት ይሆን እንዴ እያልኩ ክርኔን በመዳፌ እዳብስ ነበር።

ስለ ልጄማ አትጠይቀኝ። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አትወድም። እዚህ ገብታ ታጥባ ስትወጣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ "ሞቃት ነው እማዬ፣ በጣም ሞቃት ነው" ትለኛለች። ሰማያዊው… ያው ለጌጥ ይሆናል። ኋላ ደግሞ ሹልክ ብላ በማንቆርቆሪያ አፍልታ በባልዲ ታመጣልኛለች። "ለማንም እንዳትነግሪ" ትለኛለች። ለማን እነግራለሁ? ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይላሉ፣ እኔን ግን አንዘፍዝፎ አንዘፍዝፎ ነው የወሰደኝ።

መፍቻው ያ ነው የምትፈልገው? እንካ።

እኚያ አዋቂ ግን ጤናቸው ደህና ነው፣ ይመስገነው። ቱቦው በተቀየረ በሦስተኛው ቀን ስፖርት ጀመሩ! በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በየማለዳው ጂም። እንዴት ደስ አለኝ። ፎጣ ይይዛሉ፣ ሳሙና ይይዛሉ፣ ሻምፖ ይይዛሉ። ሲመለሱ ጸጉራቸው እርጥብ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ሽታቸው እንደ አበባ። ዛሬም ሄደው መጥተዋል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም… ለስፖርቱ የተገዛው ጫማ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ከነወረቀቱ። በሩ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ስትወጣ ታየዋለህ። አንተ ወጣት ነህ፣ ታውቀዋለህ… በባዶ እግር የሚሠራው፣ ላብ የሌለው፣ ሻምፖ ብቻ የሚፈጀው ስፖርት ምን ይባላል? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉታል የድሮ ሰዎች፣ የአሁኑን ስሙን አላውቅም።

እኔ ግን አልከፋኝም። ከፋኝ ከምል ይልቅ… ገረመኝ። ሰው ውሃው እንደሚበርድ ካላወቀ ፎጣ ይዞ የት ይሄዳል? ብቻ ስፖርት ነው ተብሏል፣ ስፖርት ነው።

ጨረስክ? ይሄው ነው? ሁለት ቱቦ? … ወሩን ሙሉ ቤተሰብ ተሰብስቦ የመከረበት ሁለት ቱቦ ነው? ክፈተዋ። ቆይ፣ አንተ እጅህን አታስገባ። እጅጌዬን ልሰብስብ።

…

እህ።

…

ሞቀ፣ ልጄ። ሞቀ። ልክ ነው፣ ሕፃን ይታጠብበታል። እንግዲህ ወይ ውሃው ተስተካከለ፣ ወይ እኔ በአንድ ጊዜ ወጣት ሆንኩ። ማሽን አይዋሽም መባሉም እውነት ነው፣ ምስኪን፣ ወሩን ሙሉ ሲናገር የሰማው የለም እንጂ። አይ፣ አላለቀስኩም፣ እንፋሎቱ ነው። ተወኝ እስቲ፣ ትንሽ እጄን ላቆየው።

ይሄ ምንድነው ኮሪደሩ ላይ የሚንኳኳው? … የሻንጣዬ ጎማ ነው! አየሃት? ወደ ውጭ አይደለም እኮ፣ ወደ መኝታ ክፍሌ ናት። ማንም አልነገራትም፣ ማንም ይቅርታ አላላትም፣ ራሷ ተነስታ ተመለሰች። በዚህ ቤት ዕቃውም አዋቂ ነው። ቀስ በሉ በልልኝ፣ ውስጧ መነጽሬ አለ። እንግዲህ ለታናሿ ልጄ ደውዬ አትምጪ ልበላት፣ አየሩ እዚሁ ተቀየረ ብዬ።

በል አትሂድ፣ ልመርቅህ። እጅህ ይባረክ፣ ሥራህ አይጉደል፣ የከፈትከው ሁሉ ይሙቅልህ። እሳቸውንም በሌሉበት ልመርቅ፣ ቂም አልወድም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ እኔ የደረስኩበት ይድረሱ፣ ይለፉትም። የልጅ ልጄን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ አዋቂ ባል ይስጣት… የልጅ ልጅሽ ከእሳቸው ጋር ምን አገናኛት እንዳትለኝ፣ ምርቃት ነው። እሳቸውም ሲያረጁ ብቻቸውን አይቅሩ፣ እሷ ቤት ይግቡ፣ ጥሩ መስኮት ያለው ክፍል ይሰጣቸው። ታዲያ አንድ ጠዋት "ውሃው በረደኝ" ያሉ እንደሆነ፣ "አባባ፣ ውሃው ሞቃት ነው፣ ቆዳዎ ነው" ብሎ፣ ሾርባ እየጨመረላቸው፣ በጨዋነት የሚያስረዳ አማች አያሳጣቸው።

አሜን በል እንጂ ልጄ። … ጮክ በል፣ ኮሪደሩ ላይ ለሚሰማውም ሰው ጭምር ነው የምትለው።