«በቀላሉ የሚፈሩ ሰው ነዎት?»

እኔ ሰው እምቢ ማለት አልችልም፤ የሚደውልልኝ ሁሉ አለቃዬ ይመስለኛል። ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ስመለስ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ስልኬ ደግሞ ተበላሽቶ ያለ ላውድ ስፒከር አይሰማም። አነሳሁት። አንዲት ልጅ በትሕትና፣ «የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰብን ነው፤ ስለ አካባቢዎ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት?» አለችኝ። መኪናው ውስጥ ሲያወራ የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ። ሹፌሩም ዘፈኑን ቀነሰ። በዚህ ጊዜ ከጎናችሁ የተቀመጠው ማን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ልዘጋው አሰብኩ፤ እሷን ማስቀየምም ፈራሁ።

«የአካባቢዎን ጸጥታ እንዴት ያዩታል?» «ጥሩ ነው።» «አስተዳደሩንስ?» «ጥሩ ነው።» «መንገዱንስ?» ይኼኔ መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ተጋጨ። «እሱም ጥሩ ነው።» ማንም አልሳቀም። በመጨረሻ፣ «አሁን ስለ ባሕርይዎ ልጠይቅዎት፤ በቀላሉ የሚፈሩ ሰው ነዎት?» አለች። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። «ኧረ በፍጹም፣ ምን ያስፈራኛል» አልኩ፣ እንዳይንቀጠቀጥብኝ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ። አመስግና ዘጋች። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ መንገዱን ሙሉ በጎን ሲያዩኝ ቆዩ። ደብረ ታቦር ደርሰን ልወርድ ስል ግን ክንዴን ያዙኝ። ክው አልኩ። ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «አይዞህ ልጄ፤ እኔም ሲደውሉልኝ እንዳንተው ነው የመለስኩ» አሉኝ።