መሪጌታ መዝገቡ ሙላቴ እና ያልተቆረጠው የከበሮ ክርክር

ከበሮ ማለት ከግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ሁለት አፎቹ በቆዳ የተለበጡ፣ አንደኛው አፉ ሰፊ ሌላኛው ጠባብ የሆነ፣ በጠፍር ተወጥሮና በጨርቅ ተሸፍኖ በማንገቻው ከአንገት የሚንጠለጠል የማኅሌት ዕቃ ነው። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈለገው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በደብረ ታቦር ከተማ ሁለት አጥቢያዎችን እንዴት እንዳቃቃረ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱ የሚገኘው ዛሬ በምንሸኛቸው ሰው ሕይወት ውስጥ ስለሆነ ነው።

መሪጌታ መዝገቡ ከአባታቸው ከአቶ ሙላቴ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለሚቱ ውቤ በ1950 ዓ.ም. በገሳይ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ለእርሻ ያጯቸው ቢሆንም፣ ሕፃኑ መዝገቡ ያገኙትን ቁና ሁሉ ደፍተው ሲደበድቡ ስለሚውሉ፣ እናታቸው ቁናዎቹን ለማትረፍ ሲሉ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደሰጧቸው በቤተሰቡ ዘንድ ይነገራል። ፊደልና ዳዊት በአጥቢያቸው፣ ዜማ በጣራ ገዳም አካባቢ ከተማሩ በኋላ፣ የዝማሜና የከበሮ ትምህርት የሆነውን አቋቋም ለመማር ደብረ ታቦር ወደሚገኘው ወደ የኔታ ጽጌ ጉባኤ ቤት ገቡ፤ በዚያም ከአንበሳሜ የመጡትን ኪዳኔ ፋሲልን አገኙ።

የኔታ ጽጌ ለብቻው የቆመ ተማሪ ከበሮ እንዲያነግት አይፈቅዱም ነበር። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት ያቆማሉ። ወረብ የሚባለው የከበሮ ዝማሬ በዝግታ ይጀመርና አንድ ቦታ ሲደርስ ምቱ ወደ ፍጥነት ይሸጋገራል፤ ያን ቅጽበት በቃል የሚያዝ ሰው የለም፤ ሁለቱ መቺዎች ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይሻገሩታል። ቀድሞ የሮጠ፣ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር፣ ያልተማረ ይባላል። መዝገቡና ኪዳኔ በዚህ ዓይነት ዓመታትን ፊት ለፊት ሲተያዩ ኖሩ፤ ሲመረቁም መሪጌታ መዝገቡ የላይኛውን ደብር፣ መሪጌታ ኪዳኔ የታችኛውን ደብር ለማገልገል ተመደቡ። መሪጌታ መዝገቡ የመሪጌታ ኪዳኔን እኅት ወይዘሮ አመተማርያምን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ማህሌትንና ሄኖክን ስላፈሩ፣ ባልንጀርነቱ ዝምድና ሆነ። በነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ሁለቱ አጥቢያዎች በአንድነት በሚያከብሩት በዓል፣ ሁለቱ መሪጌቶች እንደ ድሮው ፊት ለፊት ይቆሙ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ወጣት የመሪጌታ መዝገቡን ምት በስልኩ ቀርጾ «የዘመናችን አንደኛ ከበሮ መቺ» ብሎ በኢንተርኔት ከለቀቀው በኋላ ነው። የታችኛው ደብር ወጣቶች በበኩላቸው መሪጌታ ኪዳኔን ቀርጸው «እውነተኛው አንደኛ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ከመናኸሪያ እስከ ጠላ ቤት ተዛመተ። ከበሮን የሚያህል ነገር አንደኛና ሁለተኛ ይወጣለታል ወይ ብለው የጠየቁ ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተሰደቡ። ገለልተኛ ዳኛ ሲፈለግም፣ ለሁለቱም ደብሮች የከበሮ ልብስ የሚሰፉት ሙስሊሙ ልብስ ሰፊ አቶ ሐሰን ተጠየቁ። እሳቸውም ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «እኔ የለካሁት ከበሮውን እንጂ መሪጌታውን አይደለም» ብለው አሰናበቷቸው።

መሪጌታ መዝገቡ ለጠየቃቸው ሁሉ ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ መሆኑን ይናገሩ ነበር፤ ይሁን እንጂ ራት ቀርቦ ሳለ ጣቶቻቸው በገበታው ጠርዝ ላይ መሥራታቸውን አያቆሙም ነበር፤ የመሪጌታ ኪዳኔ ስም ሲነሳ ደግሞ ምቱ ይጠነክር እንደነበር ወይዘሮ አመተማርያም ያስታውሳሉ። አንድ ቀን ሰፌዱን ከፊታቸው አንስተው፣ «አንቱ ከወንድሜ ቢበልጡም፣ ወንድሜ ከአንቱ ቢበልጥም፣ በፋሲካ በር የሚዘጋብኝ እኔ ነኝ» አሏቸው።

በ2011 ዓ.ም. በነሐሴው በዓል ቅጥረ ቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ ስልኩን ያላነሳ ሰው አልነበረም። ሁለቱ መሪጌቶች ከበሯቸውን አንግተው ፊት ለፊት ቆሙ፤ ወረቡም በዝግታ ተጀመረ። ምቱ የሚሸጋገርበት ቦታ ሲደርስ መሪጌታ መዝገቡ የመሪጌታ ኪዳኔን መቅደም ጠበቁ፤ መሪጌታ ኪዳኔም የእሳቸውን። የቀደመው ቸኩሎ ተያዘ ሊባል ነውና ከሁለቱ ማንም ምቱን አላፈጠነም። ካህናቱ ያንኑ ቃል ደግመው ደጋግመው ወረቡት፤ ላብ የሁለቱን ፊት አጠበው፤ ከሕዝቡ መካከል የሚስል እንኳ ጠፋ። ሽማግሌ ካህናት በመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው መወዛወዝ ጀመሩ። ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ የደብሩ አለቃ መሐል ገብተው መቋሚያቸውን በሁለቱ ከበሮዎች መካከል ዘረጉ፤ ሁለቱ ሳይታረቁ በአንድ ማኅሌት ከበሮ እንዳያነሱም ወሰኑ።

ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ሁለቱም ለመታረቅ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ችግሩ ሌላው አስቀድሞ ጥፋቱን ያምን ዘንድ መጠየቃቸው ነበር። መሪጌታ መዝገቡ በደብራቸው ከበሮ መምታታቸውን ቀጠሉ፤ ነገር ግን ፊት ለፊታቸው የሚቆሙት ልጆች ዓይናቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር የሚያዩት። በቤታቸውም የፋሲካ በግ ለሁለት ሰው ብቻ የሚታረድባቸው ዓመታት አለፉ።

በ2015 ዓ.ም. ቀኝ ጎናቸውን ሕመም ጣለው። ይህ ሲሰማ የታችኛው ደብር ሰዎች ክርክሩ በራሱ ጊዜ ተቋጨ አሉ፤ መሪጌታንም ከሕመሙ ይበልጥ ያሳመማቸው ይኸው ነበር። በዚያው ሳምንት መሪጌታ ኪዳኔ ሳይጠሩ መጥተው ከአልጋው ራስጌ ተቀመጡ።

«ተነስ» አሏቸው። «አንተ ተኝተህ እኔ አንደኛ ብባል የሚያምነኝ የለም።»

«ያን ቀን አልቀደምክም» አሉ መሪጌታ መዝገቡ።

«አንተስ ቀድመህ ነበር?»

ወይዘሮ አመተማርያም በሩን ሳይዘጉት ወጡ። በማግስቱ መሪጌታ ኪዳኔ አማቻቸው እስኪነሡ ድረስ ከበሮ እንደማያነግቱ ለደብራቸው አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ሁለቱ በአልጋው አጠገብ ሆነው ከደብሩ ድምፅ ማጉያ የሚመጣውን የወጣቶቹን ምት ያዳምጡ ነበር። አንደኛው «ቸኮለ» ሲሉ ሌላው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሁለቱ ያለ ክርክር ሲስማሙ የታዩት በዚህ ነገር ብቻ ነው።

መሪጌታ መዝገቡ ሳይነሡ፣ በያዝነው መጋቢት ወር፣ በባለቤታቸው፣ በልጆቻቸውና በመሪጌታ ኪዳኔ ፊት ዐርፈዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ አመተማርያምን፣ ልጆቻቸውን ማህሌትንና ሄኖክን፣ የልጅ ልጃቸውን ሊድያን፣ እንዲሁም እዚህ ከአስከሬኑ አጠገብ የቆሙትን አማቻቸውን ትተው ሄደዋል። ምስጋና የማይቋረጥበትን ስፍራ ለወዳጆቹ ያዘጋጀ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶች ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

ከጠዋት ጀምሮ የሁለቱ አጥቢያ ሰዎች፣ መሪጌታ ኪዳኔ ዛሬ ለብቻቸው ከበሮ ከመቱ ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው፣ አይደለም በሚል ሲከራከሩ ቆይተዋል። ወሩ ዐቢይ ጾም መሆኑን ያስታወሱት አለቃው ናቸው፤ በዐቢይ ጾም ከበሮ ስለማይመታ ቀብሩ በመቋሚያ ብቻ ይፈጸማል።