ጸባየኛው ነብር

ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ? ኧረ አትነሣ፣ በሞቴ! ሰሌዳውን ጉልበትህ ላይ አድርገህ የነገውን ስምሪት እየጻፍክ ነው አይደል... ጻፍ፣ ጻፍ። እኔ የመኪናዬን ቁልፍ ልሰቅል ነው የገባሁት። የዛሬው አቧራ ጉድ ነው! የአየር ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ አራግፌዋለሁ። የኋላው ግራ ጎማም ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ለመካኒኩ ነግሬዋለሁ። እንግዶቼ ግን ጥርሳቸው ሳይከደን ነው የዋሉት። ዝሆን ዐሥራ አንድ፣ ቀጭኔ እንደ ልብ። አንዱ ከርከሮማ ጭራውን እንደ አንቴና ቀጥ አድርጎ ከመኪናው ፊት ፊት ሲሮጥ ሕፃናቱ በሳቅ ሊሞቱ!

እና... ዛሬ ሁለት ነብር መገኘቱን ሰማህ? አዎ፣ በአንድ ጠዋት ሁለት! አንዷ ወንዙ መታጠፊያ ላይ፣ እናት ናት፣ ከነግልገሏ። ሌላኛው... የሌላኛው ታሪክ ረዘም ይላል። እኔ ደግሞ ማስረዳት ከጀመርኩ ማቆሚያ እንደሌለኝ ታውቃለህ።

ሌላኛውን ያገኙት አንድ ሰው ናቸው። አንቱ የተባሉ አስጎብኚ። ስማቸውን ምን ያደርግልሃል? የእኅትህን ልጅ ማለቴ እንዳይመስልህ ብቻ! እሱማ ይኸው፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የሩቅ መነጽሩን እየወለወለ ነው። እንዲያውም ይስማ። ወጣት አይደል? ከትልልቅ ሰዎች ሥራ ይማርበታል።

የሬዲዮውን ሥርዓት ያስተማርከን አንተ ነህ። ነብር ያየ ሰው ወዲያው ይጠራል፤ ሦስት ሦስት መኪና እየተጠጋ ዐሥር ደቂቃ ያያል፣ ከዚያ ለተረኛው ይለቃል። ነብር እንደ ጎሽ በመንጋ አይሄድማ፤ ያገኘ ካላካፈለ ሌላው ሳያይ አገሩ ይገባል። እኚህ ሰው ግን ትሑት ናቸው፣ ከሥርዓቱም በላይ ትሑት። ነብር ማግኘታቸውን ሰው እንዲያውቅላቸው አልፈለጉም። «የት ነህ? ምን አገኘህ?» እያለ የሚያደርቃቸው እንዳይኖር ሬዲዮዋን ጥርቅም! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ... ዝም ካለ ሬዲዮም ነብር አያመልጥም። ምን ነውር አለው? ጽድቅ እንደሁ በስውር ነው የሚሠራው።

ነብሩ ታዲያ ከግራር ሥር ነው አሉ። ቡናማ፣ ጋደም ያለ፣ ወገቡ ጎበጥ ያለ። «ሽሽሽ... ሆዱ ሞልቷል፤ ሲጠግብ እንዲህ ነው የሚተኛው» ብለው እንግዶቹን ትንፋሽ አስዋጡ። ይኼን የነገረኝ ከእንግዶቹ አንዱ ነው፤ ያ ፎቶ የሚያነሣው ጎልማሳ። «ጆሮው ለምን አይንቀሳቀስም?» ብሎ ቢጠይቃቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ይህ ልምድ ያለው ነብር ነው።» ልምድ! ትምህርት እኮ ነው ጋሼ። እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት፣ ነብር በእንቅልፉም ቢሆን ጆሮው እንደማያርፍ፣ ዝንብ ሲያርፍበት እንደሚቆጣ አንብቤያለሁ። ልምድ ስላለው ነብር የጻፈ ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

የነብርን ጭራ አይይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። እሳቸውም አልለቀቁም፤ አርባ ደቂቃ! ጭራውን ያየ ሰው ባይኖርም። ነብር አለኝ በጥላ፣ ጭራውንም አላይ...

ስመለስ እኔም በዚያ በኩል አለፍኩ። የጎማቸው ምልክት እንደ ቀለበት ዙሪያውን ከቦታል። ተመስገን ነው፣ አሁንም እንደተኛ ነው። አንዲት ወፍ አናቱ ላይ ቆማ ስትለቃቅም ቅር አላለውም። ከትከሻው ምስጥ ይወጣል፣ ምስጥ ይገባል፤ እሱ ዝም። ኩይሳ ነው አልኩህ? ማን ነኝና እኔ ኩይሳ የምለው! ብቻ እንዲህ ያለ ጸባየኛ ነብር በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ሳቅ እንጂ፣ ምነው?

ከእንግዶቻቸው አንዷ ግን አልሳቀችም። ጥልፍ ሠሪዋ እናት... ቁርስ ላይ ያወራችውን አንተም ሰምተሃል፣ ዳቦውን ያቀበልካት አንተ ነህ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሰው መጋረጃና በሰው ትራስ ላይ ነብር ስትጠልፍ ኖራ አንድም ቀን ነብር በዓይኗ አላየችም። አሁን ሐኪሙ ዓይኗ ከዚህ ዓመት እንደማያልፍ ነገራት። «ሳይጨልምብኝ አንዴ፣ እኔ በክር ያልሠራሁትን ነብር ልየው» ብላ ነው እዚህ ድረስ የመጣችው። ለዚህ ለአንድ ነገር።

እኛ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ነበርን። ነብሯ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወጥታ ግልገሏን ትልሳለች። የጠዋት ፀሐይ አርፋባት፣ ቆዳዋ ነጥብ በነጥብ፣ ክብ በክብ... ቆጥረህ ትጨርሰዋለህ ጋሼ! አራት ጊዜ በሬዲዮ ጠራን። የሴትዮዋን ነገር የማያውቅ ሾፌር የለማ። መኪኖቹ ተነጋግረው ከፊት ያለውን ቦታ ባዶ ተዉላት። ተራው የደረሰውም ወደ ኋላ አለ። የእኔ እንግዶች ሕፃናቱ ሳይቀሩ ነገሩ ሲገባቸው አፋቸውን ይዘው ጠበቁ። ዐሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። አንድ መኪና የሚያህል ባዶ ቦታ፣ ከፊቱ ነብር። ከዚያ ልጇን በማጅራቱ አንጠልጥላ ሣሩ ውስጥ ገባች። ምን ታድርግ? እሷ እንደ ሌላኛው ልምድ የላትም።

የማይሰማ ሬዲዮ ጥቅሙ ይኼ ነው፤ ሰው ሳይረብሽህ ኩይሳህን... ይቅርታ፣ ሥራህን ትሠራለህ።

ሴትዮዋ ከመኪናው ስትወርድ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። «አዩት እማማ?» አልኳት። «አየሁት ልጄ፣ ይስጠው ለልጁ» ብላ ጮክ አለች፣ አስጎብኚው እንዲሰማላት። ጨዋ ናት። ትንሽ ከራቅን በኋላ ግን ክንዴን ጨምድዳ ምን አለችኝ መሰለህ? «ነጥብ አልነበረውም። ልጁ በጣቱ እየጠቆመ ነጥቡን ይቆጥርልኛል፣ ሰዉ ሁሉ አየን ይላል። ለእኔ አፈር ነው የመሰለኝ። ዓይኔ እስከ ዓመቱ የሚቆይልኝ መስሎኝ... ለካ ዛሬ አልቋል።»

ገባህ ጋሼ? ከዚያ መኪና ውስጥ በትክክል ያየችው እሷ ብቻ ናት! አፈሩን አፈር ብላ ያየች ሴት፣ ታውራለሁ ብላ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች። መርፌና ክሯን ለክፍል አጽጂዋ ሰጥታታለች አሉ። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ብላ።

ለምን አልነገርሻትም ትለኝ ይሆናል። እንዴት ብዬ? አስጎብኚ የአስጎብኚን ቃል እንግዳ ፊት አያርምም፣ ያረመ ቁልፉን ያስረክባል፤ ያንተው ሕግ ነው። በጣም ጥሩ ሕግ ነው። ሦስት ልጅ የማሳድግበት ቁልፍ ነው፣ እኔም እፈራለሁ። የተናገረ ራሱ ካላረመ በቀር ማን ያርማል? ክፍሏ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ከዚህ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። «እማማ፣ ኩይሳ ነበር፣ ዓይንዎ ደኅና ነው» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይጨርሳል? ግን ሰውየው ሥራ ይበዛባቸዋል። መነጽር የሚወለውል ሰው... ያንን አላልኩም! እሱማ መወልወሉን ትቷል፣ እይ፣ አንገቱን ደፍቶ እኔን ነው የሚሰማው። አስተዋይ ልጅ ነው።

ይልቅ ሴትዮዋ ነገ እኩለ ቀን ላይ ትሄዳለች። የቀራት የጠዋቱ ዙር ብቻ ነው። ነብሯም ግልገል ይዛ ከወንዙ አትርቅም፣ እዚያው ነው የምታድረው። ሰሌዳው ላይ በማን መኪና ነው ያደረግካት?...

አሃ። በዚያው መኪና።

አይ፣ ጥሩ ነው! ሰው የለመደው አይሻልም? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ... የሜዳ አህያ ማለቴ ነው ጋሼ፣ ዛሬ እሱም በሽ ነበር። እኔ ከፊት አንድ ወንበር ባዶ አለኝ፣ ግን እሱን ማን ጠየቀኝ? አንተ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስታሰማራን ለእኅትህ ልጅ አድልተሃል ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቢኖርም እኔ ፊት አያወራም፤ እኔ ሳወራ ማን ዕድል አግኝቶ!

ጠመኔው እጅህ ላይ ቆመሳ? ተወው፣ አትቸኩል፣ ሰሌዳ ነው፣ ይጠፋል። የማይጠፋው ሌላ ነው።

በል እኔ ልሂድ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል። እኅትህን ሳም አድርግልኝ። እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት! እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ማኅፀን ይባረክ። ፈጣሪ ዕድሜዋን እንደ ግራር ያርዝመው፣ ጤናዋን ይስጣት። አርጅታ ዓይኗ የደከመ ቀንም እጇን ይዞ ዓለምን የሚያሳያት ሰው አያሳጣት... ልክ እንደ ልጇ ያለ፣ ምንም ያልጎደለ፣ ቁርጥ ልጇን የሚመስል ሰው ይዘዝላት።

አሜን በል እንጂ ጋሼ።