ውሎ የገባ ጡት

እኔ በባሕርዬ ቁጡ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ልጆች ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ብቆጣ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን በሰው ጓዳ ላልገባ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ያስፈረሰችኝ የጎረቤቴ ምራት ናት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዳቦ ገዝቼ ደረጃውን ስወጣ፣ በፎቃችን መተላለፊያ ጫፍ ካለው የጋራ መታጠቢያ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ይህች ልጅ ማተሚያ ቤት መጻሕፍት በሚሰፉበት ክፍል ትሠራለች፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ወራት ቤት ቆይታ ወደ ሥራዋ የተመለሰችው በቅርቡ ነው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ ሳታወርድ ጡቷን እያለበች ወተቱን ወደ ፍሳሹ ትደፋለች። ከበሩ ወዲያ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጇ የእናቱን ኮቴ ሰምቶ ይንጨረጨራል።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ?» አልኳት። ሰላምታም አላስቀደምኩም።

ደንግጣ ልብሷን ሰበሰበች። «እትዬ፣ እንዴት አመሹ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን አጥበዋለሁ።»

«መታጠቢያው ገደል ይግባ! ወተቱን ለምን ትደፊዋለሽ? ልጁ እየጮኸ አይደለም ወይ?»

«ውሎ የገባ ጡት ነዋ፤» አለች አንገቷን ደፍታ። «ፀሐይ የመታው ወተት የልጅ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል ይላሉ እማማ። ሳልደፋ እንዳልሰጠው ገዝተውኛል። ስለዚህ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ እደፋለሁ፣ ከዚያ አጠባዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ያገኛል? ይስባል፣ ይስባል፣ ሲያጣ ይነክሰኛል። እማማም ‹ይኸው፣ ወተትሽ ነጥፏል› ይሉኛል። ዛሬ እሬት አዘጋጅተዋል። ወይ እሱን ተቀብቼ ጡት አስጥለዋለሁ፣ ወይ ሥራዬን እተዋለሁ። ባሌ እንደሆነ ዝም አይነቅዝም ብሎ ተቀምጧል። እኔ ግን እትዬ፣ ሁለቱንም መተው አልፈልግም።» ድምፅዋ ተሰበረ።

አንባቢ ሆይ፣ ደሜ ፈላ። ሙሉውን ማሰሮ ደፍቶ ባዶውን ለልጅ ማቅረብ፣ ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ ማሰሮውን ባዶ ነህ ብሎ መክሰስ! ይህን ዓይነት ፍርድ የሚፈርድ ዳኛ ቢገኝ አገር በጮኸበት ነበር። በቤታችን ሲሆን ግን ወግ ይባላል። ልጅቱን በክንዷ ይዤ፣ ዳቦዬን እንደያዝኩ፣ በሩን አንኳኩቼ ገባሁ።

አማቷ ልጁን አዝለው ከአልጋው እስከ መስኮቱ ይመላለሳሉ። በአልጋው ራስጌ ብረት ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ልጁ የተፋው የላም ወተት ከነጡጦው ተቀምጧል።

«እንደምን አመሹ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ መምህርት፣ ይቀመጡ። ጩኸቱ አስቸገርዎት መሰለኝ።»

«ጩኸቱስ ይሁን፣ ምክንያቱ ነው ያስቸገረኝ። እንዲያው በሞቴ፣ ያን የመሰለ ወተት ለምን ያስደፏታል?»

«ጉድ እኮ ነው! የተማረ ሰው ይህን ይጠይቃል? ጡቷ ቀኑን ሙሉ ከልጅ ተለይቶ ይውላል። ስትሄድ ፀሐይ፣ ስትመለስ ፀሐይ። እዚያ ደግሞ ያ የስፌት ማሽን ሲያንቀጠቅጣት ይውላል። ወተት ሲሞቅና ሲናጥ ምን እንደሚሆን ለእኔ ይነገራል?»

«ቅቤ ይወጣዋል ነው የሚሉኝ?»

«ቅቤስ ባይወጣው ይበላሻል።»

«እማማ፣ ጡት ቅል አይደለም! እንደሱ ቢሆንማ መንገድ የሄደች ሴት ሁሉ ቅቤ ነጋዴ በሆነች ነበር።»

ምራቲቱ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማማ ግን አልሳቁም። እኔም ራሴን ገታሁና እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ወተት ጡት ውስጥ ተጠራቅሞ የሚሻግት ነገር አይደለም። ከምትበላውና ከምትጠጣው፣ በደሟ በኩል፣ ሁልጊዜ አዲስ እየተሠራ የሚመጣ ነው። ፀሐይ ውስጥ ብትቆምም ጥላ ውስጥ ብትቀመጥም የሰውነቷ ሙቀት ያው ነው። ያ ሙቀት ወተቷን የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ ደሟንም ባበላሸው ነበር።»

«እርስዎ የሚነግሩኝ መጽሐፍ ነው። እኔ የማወራው ያየሁትን ነው።»

«ምን አዩ?»

«አየሁ አልኩዎ። አየሁ!»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ እንዲህ ያለውን። ተነሥቼ ልወጣ ስል፣ እስካሁን አንገቷን ደፍታ የነበረችው ልጅ ተናገረች።

«እማማ፣ እኔም አንድ ጊዜ ልናገር። ልጁ እኮ አድጓል። ቀን የተፈጨ ድንቹንና ሾርባውን ከእርስዎ እጅ እየበላ ይውላል፤ ለዚያ እግዜር ይስጥልኝ። ጡቱን ደግሞ ማለዳ ከመውጣቴ በፊት፣ ማታ ስገባ፣ ሌሊትም ሲነቃ፣ በዕረፍት ቀኔም እንደልቡ ቢጠባ ይበቃዋል። እኔ ሥራ ቦታ ጡቴ ሲወጥርብኝ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ አልቤ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሬ ላመጣለት እችላለሁ። በኩባያ ይጠጣዋል።»

«በጠርሙስ! የሰው ወተት እንደ መድኃኒት በጠርሙስ ታዝሎ ሲዞር! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን ይላል ነው ወይስ ልጁ ምን ይጠጣል?» አልኩ። ትዕግሥቴ እንደገና አልቆ ነበር። «እሺ፣ መጽሐፉን ተዉት። እማማ፣ ላም አርብተዋል?»

«እንዴታ! በእጄ አልቤ ነው ልጅ ያሳደግኩት።»

«ላሚቱ ስትግጥ የምትውለው ጥላ ሥር ነበር?»

«በሜዳ ምን ጥላ አለ?»

«ጥጃዋስ አብሯት ይውላል?»

«እንዳይጠባባት ለይተን እናውለዋለን እንጂ።»

«እንግዲህ እሷም ፀሐይ ሲመታት ውላ፣ ከልጇ ተለይታ ማታ ትገባለች። ታዲያ ያን ወተት ይደፉት ነበር?»

«ላምና ሰው አንድ ነው?» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«አይደለም። ላሟን ያመኑትን ያህል የልጅዎን ሚስት አለማመንዎ ነው የገረመኝ።»

ክፉኛ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ልጁን ከጀርባቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከአባቱ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ፤» አሉ የልጅ ልጃቸውን ራስ እየዳበሱ። «ጡብ መሥሪያ ቦታ ነበር የምውለው። ማታ ስገባ አማቴ ደጃፍ ላይ ቆመው መሬት ላይ ያስደፉኝ ነበር። ልጅቷ እየከሳች ሄደች። አንድ ቀን ደክሞኝ፣ ተደብቄ ሳልደፋ አጠባኋት። በዚያው ሳምንት ሞተች። ‹ፀሐይ የመታው ጡትሽ ገደላት› አሉኝ። አየሁ ያልኩዎ ይህን ነው።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን መምህርት፣ እርስዎ ወተቱ ደህና ነው ካሉኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የደፋሁት ምን ነበር?»

ስለ ደምና ስለ ሙቀት የማውቀው ለዚህ ጥያቄ አይበቃም። ሆኖም መዋሸት አልፈለግሁም።

«ምግቧ ነበር፣ እማማ፤» አልኳቸው። «ሕፃኗን ምን እንደገደላት እኔ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ልጅ የሚገድል ብዙ በሽታ ነበር። ተደብቀው ያጠቧት ወተት ግን አልገደላትም። ያን ዕለት የሰጧት ከነበረዎት ሁሉ የተሻለውን ነው። ኃጢአትዎ አይደለም፤ የነገረዎት ሰው አልነበረም።»

አላለቀሱም። በቀሚሳቸው ጫፍ የልጁን አፍንጫ ጠረጉና ምራታቸውን ጠሩ። «ሁሉንም ደፍተሽዋል?»

«አንዱን ብቻ። ሌላው ሙሉ ነው። እትዬ አቋረጡኝ።»

«እንግዲያው ነይ፣ አጥቢው።»

ልጅቱ ቦርሳዋን ያወረደችው ያን ጊዜ ነው። ሕፃኑ እየተንሰፈሰፈ ጡቱን ያዘ፤ ሲውጥ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ይሰማ ነበር። ጠግቦ፣ ወተት በከንፈሩ ዳር እየፈሰሰ፣ የእናቱን ኮሌታ እንደጨበጠ ተኛ። እማማ ዓይናቸውን ከልጁ አልነቀሉም። በማግስቱም ሆዱ አልተነፋም፣ አላስቀመጠውምም፤ ይህን የነገሩኝ ማለዳ በሬን አንኳኩተው ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ባጭሩ ልናገር። የማተሚያ ቤቱ አለቃ «እዚህ መጽሐፍ ነው የሚሰፋው፣ ወተት አይታለብም» ብሎ አስቸግሮ ነበር። እማማ ሳይጠሩ ሄደው «ሠራተኛህ ጡቷ ወጥሮ እያመማት መርፌ ስትስት መጽሐፍህን ማን ይሰፋልሃል?» ቢሉት፣ የወረቀት መጋዘኑን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠ። አሁን ልጅቱ እጇን ታጥባ፣ በሩን ዘግታ፣ ትንሽ ጊዜ ወስዳ ታልባለች። ጡቷ አይቆስልም፣ ወተቷም ሳይቀንስ ቆይቷል። ልጁ ቀን ምግቡን እየበላ ማታ ጡቱን ስለሚጠብቅ እንደ ቀድሞው አይነጫነጭም፤ ክብደቱም ጨምሯል። ባልየው ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ማጠብ ተምሯል፤ ዝምታው ግን እንዳለ ነው። ሥራና እናትነት እንደ ሁለት ጣውንት አይተያዩም ያለ ማን ነው? ይተያያሉ፣ ያደክማሉ፤ ነገር ግን ቤተሰቡና አለቃው ትንሽ ከተጠጉላት አንዲት ሴት ሁለቱንም ይዛ መኖር ትችላለች።

ባለፈው ሳምንት ከታች ፎቅ የምትኖር አንዲት አራስ ሥራ ልትጀምር መሆኑን እማማ ሰሙ። ጉልበታቸውን እያመማቸው ደረጃውን ሲወርዱ ተከተልኳቸው። በሩ እንደተከፈተ ሰላምታም አላስቀደሙም።

«ስሚኝ ልጄ፤» አሏት ጣታቸውን ቀስረው። «ውለሽ ስትገቢ ማንም ድፊ ቢልሽ እንዳትደፊ። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ለአንቺ ግን ይኸው ነገርኩሽ።»