አንድ ጎኑ ወይራ

ደብረ ታቦር፣ ከሰዓት በኋላ፤ ግድግዳው በአሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች በተሞላ ክፍል ውስጥ ከመተማ የመጣችው ትርንጎ በነጠላ የጠቀለለችውን ሽጉጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ከሽማግሌው ሰብሳቢ ጋር ትከራከራለች።

ትርንጎ፦ አልሸጥም አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ! ስንቴ ልንገርዎት?

ሰብሳቢው፦ እሺ አትሽጪ። ግን ሽጉጥ ጠቅልሎ ሰብሳቢ ቤት ድረስ መጥቶ አላሳይም ማለት ምን የሚሉት ነው? ሙሽራ ናት እንዴ?

ትርንጎ፦ ካዩዋትማ ሙጭጭ ይሉብኛል። ይሄ ሁሉ ሽጉጥ ተሰቅሎ አንድ መስቀያ ባዶውን ቀርቷል፤ ዓይንዎ ደግሞ ከነጠላዬ አልነሣ ብሏል።

ሰብሳቢው፦ ያ መስቀያ አንቺ ሳትወለጂም ባዶ ነበር። ካልሸጥሽ ታዲያ ምን ልታዘዝ?

ትርንጎ፦ የማን እንደነበረ እንዲነግሩኝ ነው። ባለቤቱ የዚህ አገር ሰው ነው፤ ሞቷል። ሽጉጡን እዚያው ልቀብርለት መቃብሩን ጊዮርጊስ ግቢ ስፈልግ ዋልኩ፣ አጣሁት። ዲያቆኑም አዲስ ተዛውሮ የመጣ ነው፣ ሰው አያውቅም። «ሽጉጥ ሰብሳቢው ጋሼ ዘንድ ሂጂ፣ መሣሪያውን ካዩ ባለቤቱን ያውቁታል» አለኝ።

ሰብሳቢው፦ እሱስ እውነቱን ነው። የሰው መልክ ይጠፋኛል እንጂ ሽጉጥ አይጠፋኝም። ቆይ፣ መነጽሬን ላንሣ።

ትርንጎ፦ ይቀመጡ፣ እኔ አቀብልዎታለሁ። እግርዎን ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያነክሱት?

ሰብሳቢው፦ የቆየ ነው። ብርድ ሲሆን ይነሣብኛል። በይ ፍቺው።

ትርንጎ፦ ይኸው... ጋሼ? ምን አዩ?

ሰብሳቢው፦ እጀታው... አንድ ጎኑ የጎሽ ቀንድ፣ አንድ ጎኑ ወይራ።

ትርንጎ፦ አዎ! ያውቁታል ማለት ነው?

ሰብሳቢው፦ ቀንዱ ተሰብሮ አባትየው በወይራ ተካው። ደጅ ላይ ተቀምጦ በቢላዋ ጠርቦ። ከየት አመጣሽው?

ትርንጎ፦ ከአባቴ ነው።

ሰብሳቢው፦ አባትሽ ማን ይባላል?

ትርንጎ፦ መተማ ላይ ሰው ሁሉ ገብሬ ነው የሚለው። እኔም የገብሬ ልጅ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት። ሊሞት ሲል እጄን ያዘና «ስሜ አጣናው ነው» አለኝ።

ሰብሳቢው፦ ሊሞት ሲል?

ትርንጎ፦ አርባው ባለፈው ሳምንት ወጣ።

ሰብሳቢው፦ ባለፈው ሳምንት... ነፍስ ይማር።

ትርንጎ፦ ጋሼ፣ ላብ በላብ ሆኑ እኮ! ውኃ ላምጣልዎት?

ሰብሳቢው፦ ተይው ውኃውን። ስሙን ለምን ለወጠ?

ትርንጎ፦ ለማንም ተናግሬው አላውቅም... ሰው ገድሎ ነው። ወንድሙን። አባታቸው ሲሞት «ሽጉጡ ለኔ ነው»፣ «ለኔ ነው» ተባባሉ። ሲናጠቁ አባቴ እጅ ላይ ባረቀ። ወንድሙ ደሙን እያዘራ ወደቀ። አባቴ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በዚያው በረሃ ወረደ።

ሰብሳቢው፦ ዞር ብሎ ሳያይ!

ትርንጎ፦ ከዚያ ወዲህ አልተኮሰበትም። ይዩት፣ የዚያን ቀኗ ቀለሃ እንኳ እስካሁን ውስጡ ናት። ላውጣት ቢል እጁ እንቢ አለው።

ሰብሳቢው፦ አየኋት... ሰው መላክ እንዴት አቃተው? አንድ ነጋዴ፣ አንድ መንገደኛ ጠፋ?

ትርንጎ፦ በምን ፊቱ፣ ጋሼ? ወንድሜን ገድያለሁ ብሎ የሚያምን ሰው «ቤት እንዴት ነው?» ብሎ ይልካል? ግን በየዓመቱ ተዝካር ያወጣ ነበር። ሰሊጡ ሲገባ ጠላ ይጠመቃል፣ ቄስ ይጠራል፣ ድሃ ይበላል። እኛ ለማን እንደሆነ አናውቅም፤ ሥጋ የምንጠግብበት ቀን ስለሆነ በጉጉት ነበር የምንጠብቀው። እሱ ጥግ ይዞ ያለቅሳል።

ሰብሳቢው፦ ተዝካር? ለይርዳው ተዝካር?

ትርንጎ፦ ስሙን እንዴት አወቁት? አልነገርኩዎትም እኮ!

ሰብሳቢው፦ ጎረቤት... ጎረቤት ነበርን። እናታቸውንም አውቃታለሁ። ለአጣናው ለቅሶ እንቀመጥ ቢሏት «ልጄ ይመጣል» ብላ እንቢ አለች። በሩን አስዘጋም አለች። በሩ ክፍት እንደሆነ ሞተች።

ትርንጎ፦ አልረገመችውም?

ሰብሳቢው፦ ምን ብላ! ማንም አልረገመውም። ማንም! በእመቤቴ፣ አንድ ሰው እንኳ!

ትርንጎ፦ ወይኔ አባቴ! ምናለ ይሄን ሰምቶ በሞተ!

ሰብሳቢው፦ እኔስ ይሄን ሁሉ ብረት የለቀምኩት ብረት ወድጄ ይመስልሻል? ስሙን ቢለውጥ የአባቱን ሽጉጥ አይጥልም ብዬ ነው። አሮጌ ሽጉጥ ያለው ሰው አለ በተባልኩበት ሁሉ እሄዳለሁ፤ ወሎ፣ ጎጃም፣ ቋራ። አይቼ ያ አለመሆኑን ሳውቅ ሰውየውን ላለማሳፈር ገዝቼ እመለሳለሁ። ያን አንድ ሽጉጥ ስፈልግ ይኸው ቤቱ ሞላ።

ትርንጎ፦ ይሄን ሁሉ ለጎረቤት ብለው?

ሰብሳቢው፦ ለጎረቤት... በይ አሁን ሽጉጡን ለኔ ተይልኝ። መቃብሩን አውቀዋለሁ፤ እኔው እቀብረዋለሁ። መኪና ሳያመልጥሽ ሂጂ።

ትርንጎ፦ አይሆንም። መቅበር ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። «አፈሩ ላይ ቆመሽ የምትይልኝ ቃል አለ» ብሎ አስምሎኛል።

ሰብሳቢው፦ ልጄ፣ እንደመጣሽ ብትመለሺ ይሻልሻል። ካወቅሽው አባትሽን እንደገና ነው የምትቀብሪው።

ትርንጎ፦ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ይንገሩኝ እንጂ፣ ምን ደበቁኝ?

ሰብሳቢው፦ ቃሉ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ቃሉ ለይርዳው ነው እኮ! ለሌላ ሰው አልናገርም። መቃብሩ የት ነው፣ ጋሼ?

ሰብሳቢው፦ መቃብር የለውም፣ የወንድሜ ልጅ። በይ ንገሪኝ፤ እየሰማሁሽ ነው።