የክፍሎም ሳንባ በምን ይሰፋ?

ሰው በገዛ ልጁ ሕይወት ላይ ሲገግም ሳይ ደሜ ይፈላል። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሐሙስ ፒያሳ፣ ከመፍረስ ከተረፈች አንዲት ኬክ ቤት በር ላይ ከጎረቤቴ ከጋሽ ዘርዓብሩክ ጋር ድንገት ተገናኝተን አብረን ገባን። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ድንኳንና ሸራ ሲሰፉ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ክፍሎም ሳንባው አንድ ቦታ ሳስቶ አየር እያሾለከ ለሁለተኛ ጊዜ ተኮማትሮ፣ ደረቱ ላይ ቱቦ ገብቶለት ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞቹ እንደ ወረቀት ስቴፕለር በደቃቅ ሽቦ በሚሰፋ መሣሪያ ኦፕራሲዮን ይደረግ ሲሉ፣ አባት ዘመድ ሰብስበው «አይሆንም» ብለዋል።

ማኪያቷችንን ሳንጨርስ ዶክተር ማክዳ ገባች። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ክፍሎምን የምታክመውም እሷ ናት።

«ጋሽ ዘርዓብሩክ፣ እስከ መቼ ነው የምንጠብቅዎ?»

«ልጄ፣ መቼ ከለከልኩ? በእጁ የሚሰፋ ሐኪም ፈልጊልኝ ነው ያልኩት። በመኪና ብረት መትተሽ ሳንባው ውስጥ ልትተዪው? እኔ የወለድኩት ወረቀት ነው እንዴ?»

«እርስዎስ ቀኑን ሙሉ የሚሰፉት በመኪና አይደል?» አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ።

«አንተ ደግሞ! ሸራና የሰው ልጅ አንድ ነው?»

ማክዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በእጅም ይሰፋል፤ እኔም ሰፍቻለሁ። ሁለቱም ይይዛሉ። ግን ሳንባ ቀን ከሌት ሲነፋና ሲተነፍስ የሚውል ስስ ነገር ነው፤ መርፌ በወጋው ሁሉ አየር ሊሾልክ ይችላል። መሣሪያው የሳሳውን ቦታ ሲቆርጥ ግራና ቀኙን በደቃቅ ሽቦ እየደፈነ ነው። ጊዜም ይቆጥባል። እንከን የለውም አልልዎትም፤ አንዳንዴ ስፌቱ ጥግ ላይ መልሶ ይሳሳል።»

«ይኸዋ! አላልኩም?»

«ድንኳንስ ዝናብ የሚያስገባው የቱ ጋ ነው?» አለች ማክዳ።

ሽማግሌው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «እዚያው ስፌቱ ጥግ ነው። ላዩ ላይ ሌላ ሸራ እደርብበታለሁ።»

«እኛም ስስ ልባስ እንደርብበታለን። ከዚያ ደረቱ ውስጥ ውኃ ሞልተን ሳንባውን እንነፋዋለን፤ አረፋ ከወጣ እዚያችው ላይ በእጅ እንጠግናለን። እጅና መኪና መች ተጣሉ? ያጣላችኋቸው እናንተ ናችሁ። ቱቦው በቆየ ቁጥር ደግሞ ሌላ በሽታ ይጠራል።»

«እንግዲያው ይሁን፤ ፈቅጃለሁ» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው።

እፎይ ልል ስል ማክዳ ተነሣች። «የእርስዎን ፈቃድ ፍለጋ አልመጣሁም፣ ጋሽ። ክፍሎም ትልቅ ሰው ነው፤ እሺ ካለ ቆየ። ‹አባዬ ሳይመጣ ኦፕራሲዮን ክፍል አታስገቡኝ› ብሎ ነው የለመነን። ዘመድ ሁሉ ሲያማክሩ እሱን አንድ ቀን መጥተው አልጠየቁትም።»

ወይ ጉድ! ሳንባው የልጁ፣ ሸንጎው የዘመድ!

ወዲያው አብረን ሄድን። ክፍሎም ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አባቱን አየና «አባዬ፣ ቆየህብኝ» አለ።

በማግስቱ በመሣሪያው ተሰፋ፤ አንዲት ቦታ አረፋ ስላወጣች በእጅ ተጠገነች። ቱቦው ወጣለት፤ ዛሬ ደረጃ ይወጣል። አንባቢዬ፣ ሐኪምህን የፈለግኸውን ያህል ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን አስቀድመህ አልጋው ላይ ያለውን ጠይቅ፤ ትንፋሽ ያጠረው እሱ ነው።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ግን እስከ ዛሬ ሰው «እንኳን እግዜር ማረልዎ» ሲላቸው ቀና ብለው አያዩም።